በቁሜ የመጣ የእድር አግዳሚ

ቆሽቴ አጠገብ ዕጢ መገኘቱን ስሰማ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ጭሮ ውስጥ ሃያ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ ታምሜ ከክፍል አልቀረሁም፤ ይሄ ደግሞ ከየት መጣብኝ? አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ቀዶ ጥገናው ወዲያው እንደማይሆን ነገረኝ። ዕጢው ትልቁን የደም ሥር ተጠግቷል፤ መጀመሪያ በጨረር ይነስ፣ ከዚያ ይቆረጣል። "ሳያቋርጡ ከጨረሱ ተስፋ አለዎት፤ ካቋረጡ ግን ቃል አልገባም" አለኝ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጨረር ነው። ሆዴ ላይ በቀለም መስመር አሰመሩብኝና እንዳይለቅ አደራ አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት ታላቅ እህቴ "ነይ፣ ዓይንሽን ልየው" እያለች ስልክ ላይ ስታለቅስብኝ፣ ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ የሚኤሶ ሙቀት ሲያቅለሸልሸኝ ሎሚ እያሸተትኩ ጭሮ ገባሁ።

ደጄ ላይ የእድራችን አግዳሚዎች ተደርድረዋል። ስንት ለቅሶ የደረስኩባቸው አግዳሚዎች! ጎረቤቱ ሁሉ ቁጭ ብሏል፤ አንዷማ ጭራሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"ማን ሞተ?" አልኩ። "ማነው የሞተው? እኔ ነኝ እንዴ?"

እህቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አባታችንን ሐኪሞች ሆዱን ከፍተው ዘግተው "ቤቱ ይረፍ" ብለው የመለሱልን ጊዜ አስታማሚዋ እሷ ነበረች። "አንቺን ደግሞ ለመክፈትም አልደፈሩ! በእሳት ከሚጠብሱሽ እዚሁ እጄ ላይ..." አለችና መጨረስ አቃታት። ሰው የሰበሰበችው ለካ ሰኞ እንዳልመለስ እንዲለምኑላት ነው።

እኔም ፈርቼ ነበር፤ ማን ይዋሻል። ግን ደሜ ፈላ። "አቦ ተዉኝ! ቢላ እንዲገባ ነው ጨረሩ የቀደመው፤ ተስፋ የቆረጠ ሐኪም ዕለት ዕለት ነይ አይልም! በቁሜ አትቅበሩኝ!"

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ተነሱ። "እስቲ ነይ አሳዪኝ" ብለው ጓዳ አስገቡኝ። ሆዴን ገለጥኩላቸው። መስመሩን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ደግመው አዩ።

"ወላሂ፣ ይሄ ልክ ነው። ሊቆርጥ ያላሰበ ሰው አይለካም" አሉ። መስመሩ ለጨረሩ እንጂ ለቢላው አልነበረም፤ አስተማሪ ብሆንም አላረምኳቸውም። ወጥተው እህቴን በኦሮምኛ ሲቆጧት ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

"በሉ አግዳሚውን መልሱ! አንቺም ነጠላሽን አስተካክዪ!" አልኩ እኔም ወጥቼ። እሁድ እህቴ ሻንጣዬን ተሸክማ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ አኩርፋለች፣ ግን ሎሚ ቋጥራልኛለች።

ጨረሩን አንድ ቀን ሳላጓድል ጨረስኩ። ዕጢው ከደም ሥሩ ሸሸ፤ ከሳምንታት በኋላም ቆርጠው አወጡት። ሐኪሙ ክትትሉ ገና ብዙ ነው ብሎኛል፤ ይሁን፣ እመላለሳለኋ!

ወደ ጭሮ ስመለስ ጎረቤቱ ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አንድ አግዳሚ የለም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈዋል።

"ምነው ሰዉን ገተርሽው?" አልኳት እህቴን።

"አንቺን ፈርቼ ነዋ!"

ስፌቴን በእጄ ደግፌ ሳቅኩ። እኔም ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"በይ አግዳሚውን አስመጪ" አልኳት፤ "አሁንማ እኔም ልቀመጥበት።"