በውሃ ማፍያዬ ውስጥ የተገኘው መስተፋቅር

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዴራ ላይ መምህር ሆኜ በተመደብኩባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። የአንዲት ደግ ሴት ስም ላጠፋ ትንሽ ስለቀረኝ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሳስታውሰው እስቃለሁ፤ ከዚያ ፊቴ ይግላል።

ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው። ዴራ ቁልቁል በሚኒባስ ብዙም አይርቅም፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እኛ ጋ ሹራብ ያስደርባል፣ እዚያ ሸሚዝ ይከብዳል። የተከራየሁት ባላቸው የሞቱባቸው አዴ ብርቄ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበር። አዴ በአካባቢው ለትልልቅ ሴቶች የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም እኔ ትምህርት ቤት በምሆንበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ትርፍ ቁልፌን ሰጥቻቸው ጀሪካኔን እየሞሉ ያስገቡልኝ ነበር።

ስመደብ እህቴ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ገዝታልኝ ነበር። ውስጡ ፊት ያሳያል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሻዬን ስቀዳ ነጫጭ ነገር ተንሳፈፈ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠመኔ ነው። መምህር ስለሆንኩ ከኮቴ ላይ ይረግፋል ብዬ ኮቴን ውጭ ማራገፍ ጀመርኩ። ነጩ ነገር ግን ባሰበት። የማፍያው ሆድ የተለሰነ ግድግዳ መሰለ፤ ሲፈላም እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ከዚያ ደግሞ በእንፋሎት የሚሠራው ካውያዬ ጥቁር ሱሪዬ ላይ ነጭ ተፋበት።

ማታ እናቴ ስትደውል እንደ ቀልድ ነገርኳት።

"ቤትህ ማን ይገባል?" አለችኝ።

"አዴ ብርቄ ብቻ።"

"ያላገባች ልጅ አለቻቸው?"

"የለቻቸውም። የእህታቸው ልጅ ግን አንዳንዴ ትመጣለች።"

"ቆንጆ ናት?"

"ናት።"

"ልጄ፣ አስነክተውሃል!"

ሳቅኩባት። መስተፋቅር የሚባል ነገር እንደማላምን ነገርኳት። በማግስቱ ግን የእህታቸው ልጅ መጥታ "ደህና አደርክ ቲቸር?" ስትለኝ ልቤ ድው ድው አለ። ቆንጆ ሴት ባየሁ ቁጥር ድው ድው የሚል ልብ መሆኑን ለጊዜው ረሳሁት። ማስረጃ አድርጌ ወሰድኩት።

የዚያኑ ቀን "አንዱ ቁልፍ ጠፋብኝ" ብዬ ዋሽቼ ትርፉን ከአዴ ብርቄ ተቀበልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑን ሞልተው በሬ ላይ ያስቀምጡልኝ ጀመር። ነጩ ነገር ግን አልቆመም። "ለካ ጀሪካኑ ውስጥ ነው የሚጨምሩት!" አልኩ። ቤቴ ሻይ ማፍላት ትቼ በየሻይ ቤቱ መዞር ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሳትነግረኝ ከተፍ አለች። ከአሰላ በሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ አስጭና ነው የመጣችው። ሰላም እንኳን ሳትለኝ ማፍያውን አንስታ ወጣች። አዴ ብርቄ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለቻቸው ማፍያውን ዘቅዝቃ እያሳየች።

አዴ ብርቄ አንገታቸውን አስግገው አዩ። "ማፍያ ነው።"

"ውስጡ ያለውን ነው የምልዎት!"

"እሱማ ውሃ ነው።"

"ውሃ እንዲህ ኖራ ይሆናል? እናቱ ነኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄን ምን አስነክተውት ነው?"

አዴ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ፊታቸው ጠቆረ። ምስሩን አስቀምጠው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ልብሴን በሐሳቤ ማጣጠፍ ጀመርኩ። አንድ ትልቅ ካርቶን እየጎተቱ ወጡና ያለውን አንድ በአንድ እናቴ እግር ሥር ደረደሩት።

"ይሄ እዚህ ተከራይታ የነበረች ነርስ ማፍያ ነው፣ ጥላው ሄደች። ይሄ የግብርናው ሠራተኛ። ይሄ የዳኛው። ይሄ ካውያ ደግሞ የራሴ።" ሁሉም ውስጣቸው ነጭ፣ ሁሉም የተበላሹ። "በእርስዎ ሐሳብ እንግዲህ እኔ ያላስነካሁት የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ዋቃዮ! ራሴንም ጭምር አስነክቻለሁ!"

እናቴ የእኔን ማፍያ ቀስ ብላ ከእነሱ ጎን አስቀመጠችው።

"የእኛ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል" አሉና ሁለት ሎሚ አመጡ። ጭማቂውን ማፍያው ውስጥ ጨመቁት። ነጩ ነገር እሽሽሽ እያለ አረፋ ደፈቀ። ትንሽ ቆይተው ውሃ ጨምረው አፈሉት። ሲደፉት ቅርፊቱ እየተላጠ ወጣ።

እኔ ግን ያ ድምፅ ከተሰማ ጀምሮ ደርቄ ቀርቻለሁ። በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ትምህርት ነው! አሲድ ኖራ ድንጋይ ላይ ሲፈስ ጋዝ እየለቀቀ ይሟሟል። ኖራ ያለበት ውሃ ሲፈላ ኖራውን ዕቃው ላይ ይተዋል። "ጠንካራ ውሃ" ብዬ ሁለቴ አስምሬበት ነበር። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ።

አዴ ብርቄ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ "ቲቸር፣ ለመሆኑ ምንድን ነበር የምታስተምረው?" አሉኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት እናቴ በኩራት "ኬሚስትሪ!" አለቻቸው።

አዴ ብርቄ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ምስሩን ደፉት። እናቴ ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ ጠየቀች፤ ምሳ አብልተው ሸኟት። ስለ እህታቸው ልጅም ሳንጠይቃቸው ነገሩን፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት።

ለእኔ ግን ነገሩ በሳቅ አላለቀም። ከሰዓት በኋላ ትርፉን ቁልፍ ልመልስላቸው ይዤ ሄድኩ።

"ይተውት፣ በር ላይ ማስቀመጡ ይቀለኛል" አሉኝ። "አንተ" ይሉኝ የነበሩ ሴት አንቱ ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሚቀጥለው የውሃ ቀን ክፍለ ጊዜዬን ከሌላ መምህር ጋር ተቀያይሬ ግቢ ቆየሁ። ቧንቧው ሲመጣ የሳቸውን በርሜልና ጀሪካኖች ሁሉ ሞላሁ፤ የእኔን መጨረሻ ላይ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሦስተኛው የውሃ ቀን ጀሪካን ተሸክሜ በፊታቸው ሳልፍ እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጣ ቁልፉን። ሄደህ ልጆቹን አስተምር፤ ካወቅክ።"

አሁን ወደ አሰላ ተዛውሬያለሁ። የራሴን ትምህርት መርሳቴ ያን ያህል አያሳፍረኝም፤ ሰው ነኝ። የሚያሳፍረኝ እኚያ ሴት በዚያ ሙቀት ውሃ ሲሸከሙልኝ እኔ ቁልፌን በውሸት ወስጄ እጃቸውን እጠረጥር የነበረው ነው።

አዴ ብርቄ ለዓይናቸው ሕክምና አሰላ ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ ይውላሉ። እኔ ስገባ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስወጣ ሳቁ ከበር ይከተለኛል። ምን እያወሩ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።