ለንጉሡ ልጅ የተላከ ጥሎሽ

ይህን ስነግራችሁ በአጎቴ እንዳትስቁበት። አጎቴ አደም አሶሳ ውስጥ ወርቅ ነጋዴ ነው። ቤታችን ያረፈ አንድ ፈረንጅ ይዞት ከመጣው መጽሐፍ በአማርኛ ያወራልናል፤ አማርኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝና ለአጎቴ በቋንቋችን እተረጉማለሁ።

በታሪኩ ውስጥ አንድ መኮንን በአውሮፓ ያለች የአንዲት ትንሽ አገር ንጉሥ ሴት ልጅን ከሽፍቶች ግንብ አውጥቶ፣ በፈረስ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ለአባቷ መለሳት። ንጉሡ ግን «ድሃ ነህ፤ ልጄን አልድርልህም» አለው።

አጎቴ ብድግ ብሎ የወርቅ ዱቄት የተሞላ የአሞራ ላባ አመጣ፤ በእኛ ዘንድ የወርቅ ዱቄት የሚቀመጠው በላባ አገዳ ውስጥ ነው።

«ፈረንጁ ወስዶ ለአባቷ ይስጥልኝ፤ የመኮንኑ ጥሎሽ ይሁን!»

ወርቃችን በከንቱ ሊሄድ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«አጎቴ፣ እንዲህ ያለ አገር እኮ የለም፤ ተረት ይመስለኛል» አልኩት በቀስታ።

«አንቺ ፈሪ፣ ጠይቂው እንጂ!»

ጠየቅኩት። ፈረንጁ ፊቱ ቀልቶ አቀረቀረ።

«መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አገሩ የለም» አለኝ። «ልጅቷ ግን አለች፤ አባቷም ድሃ ነህ ብሎ ከልክሎኛል።»

ይህን ስተረጉምለት አጎቴ ሁለተኛ ላባ ሊያመጣ ገባ።