ዓይኗን ጨፍና የጨፈረች ሙሽራ

ከጦርነቱ በፊት፣ ካርቱም ገና ከሰዓት በኋላ ጋደም የምትል ከተማ ሳለች፣ አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ የሠርግ ቪዲዮ እቀርጽና አቀናብር ነበር። የስቱዲዮዋ ባለቤት ሱዳናዊት ነበረች። የቀጠረችኝ ሴት በመሆኔ ነው፤ የሱዳን ሙሽራ የምትጨፍርበት ክፍል ውስጥ ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባም። ከሙሽራው በቀር ወንድ የሚባል አይገባም። ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፤ መጋረጃው ይወርዳል፤ ደሉካ የሚሉትን የሸክላ ከበሮ የምትመታዋ ሴት ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ሙሽራዋ በቀይ ሐር ተሸፍና ትመጣለች። ሐሩ ሲነሳ ፀጉሯ የተለቀቀ፣ ክንዷ የተራቆተ፣ ልብሷ አጭር ነው። በባዶ እግሯ ትጨፍራለች፤ እንደ ደንቡ ዓይኗን ጨፍና። በጭፈራው መሃል ድንገት ወደ ኋላ ትወድቃለች፤ ሙሽራው መሬት ሳትነካ ሊይዛት ይገባል። ካመለጠችው ሴቶቹ «ጎል» እያሉ በእልልታ ቤቱን ያናጉታል።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን ተቀምጬ እንደገና አየው ነበር። ምስሉን ቀስ አድርጌ ሳስኬደው ሐሩ ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ ነገር እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የተለቀቀው ፀጉር አየር ላይ ቆሞ ይቀራል። ከጭንቅላቴ በላይ ማራገቢያው ይዞራል፣ መንገዱ በሙቀት ፀጥ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሙሽራዋ ከስክሪኑ ላይ ጠፍታ ዓይኔ ውስጥ ትንሽ ትቆያለች። አንዳንዴ የቱን በእርግጥ እንዳየሁት፣ የቱን በእንቅልፍ ልቤ እንደጨመርኩት መለየት ያቅተኝ ነበር።

እናቴ ኢትዮጵያዊት፣ አባቴ ሱዳናዊ ነው። እዚያው ተወልጄ ስላደግሁ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነበር፤ «ብዪ»ና «ተኚ»ን አልፎ ሐሳብ የሚባል ነገር ላይ ሲደርስ ወደ ዓረብኛ ይሸሻል። ይህ እናቴን ይቆጫት ነበርና ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ጀብራ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ግቢ ትልከኝ ጀመር። የግቢው ተከራይ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በፖለቲካ ሰበብ ከተሰደዱ ወዲህ እንግሊዝኛ እያስጠኑና የሰው ወረቀት እየተረጎሙ ይኖራሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። የኒም ዛፍ ጥላ ሥር በገመድ የተሠሩ የሱዳን አልጋዎች ይዘረጋሉ፤ ጥቂት ስደተኞች ይሰበሰቡና በአንድ ጉዳይ ይከራከራሉ። አብዛኞቻችን ሰሚዎች ነበርን። ከጋሼ ጋር ፊት ለፊት የምትገጥመው አንዲት ነርስ ብቻ ናት። አብረው የተሰደዱ፣ እንደ ወንድምና እህት የሚተያዩ ሰዎች ናቸው። እሷንም እትዬ እላታለሁ።

አንድ ዓርብ እትዬ እንዲህ አለች፦ ስለ መንግሥት ተከራክረናል፣ ስለ መሬትም፣ ስለ ፍትሕም። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ስለሚያየውና ማንም ስለማይናገረው ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳንም። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁሉም ገባው። ሁለት ሰዎች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ጋሼ ግን አልተሸማቀቁም። እንደ ልማዳቸው ከቃሉ ጀመሩ። በአማርኛ «ልቅ የወሲብ ፊልም» እንላለን አሉ፤ ልቅ ማለት ያልታሰረ፣ ገደብ የሌለው ነው። እትዬ ወዲያው ያዘቻቸው። ልቅ የተባለው ማነው ስትል ጠየቀች። የሚያየው ሰው ይሆናል ልቅ። ክሊኒኳ ውስጥ ያገኘቻት፣ ሳታውቅ የተቀረጸችው ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤቷ አልወጣችም። እንደዚያች ልጅ የታሰረ ሰው እትዬ አይታ አታውቅም።

ጋሼ ያ ወንጀል ነው፣ በእሱ አንለያይም አሉ። የሳቸው ክርክር ሌላ ነበር። አዋቂ ሰው ወዶና ፈቅዶ የሠራውን ሌላ አዋቂ ሰው በሩን ዘግቶ ቢያየው፣ ያንን በር ማን ያንኳኳል? ለዚህ ተብሎ በር ማንኳኳት የጀመረ መንግሥት እዚያ ላይ አይቆምም። እኛ ራሳችን እዚህ ዛፍ ሥር የተቀመጥነው አንድ ቀን በራችን ስለተንኳኳ ነው አሉ። ይህን ሲሉ እያንዳንዱ የየራሱን በር ያየ መሰለኝ።

እትዬ ውሃ ቀድታ ጠጣች። ከዚያ በቀስታ፣ «የሚያየው ሰው በር አለው። የምትታየዋስ? በሯ የት ነው?» አለች።

ጋሼ ፈቅዳ ከሆነስ አሉ። እትዬ ሌላ ምርጫ ያጣ ሰው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው አለች። እንግዲያው ጥፋተኛው ድህነት እንጂ ምስሉ አይደለም አሉ፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የሰው ወለል የሚያጥቡት ልጆቻችንስ ምርጫ ኖሯቸው ነው? እትዬ አሰብ አድርጋ የመለሰችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የታጠበ ወለል ነገ ተመልሶ ይቆሽሻል አለች፤ ያቺ የተቀረጸች ልጅ ግን አርጅታ የልጅ ልጅ ካየችም በኋላ እዚያው በወጣትነቷ ትታያለች። ሥራው አያልቅላትም።

እኔ ወደ ቤት ስመለስ በሐሳብ ተውጬ የተሳፈርኩበት ባጃጅ፣ ረክሻ የሚሉት፣ ከሰፈሬ አሳልፎ ወሰደኝ። የማስበው ስለ ሙሽሮቼ ነበር። የተራቆተ ትከሻ፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ወገብ። ክፍሉ ውስጥ ያ ሁሉ ምርቃትና ደስታ ነው። ያው ምስል አንድ የማይታወቅ ሰው ስልክ ላይ ቢገኝ ደግሞ ቤተሰብ ያፈርሳል። ሴትዮዋ ያው፣ ትከሻዋ ያው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

በዚያው ሰሞን አንዲት ሙሽራ ስቱዲዮ መጣች። እንደኔ እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ አባቷ ሱዳናዊ። ከሠርጓ በኋላ ከመሐንዲስ ባሏ ጋር አል-ጣኢፍ ገብታለች። ፊልሟ አልቆ ነበርና ልሰጣት ስል አልተቀበለችኝም። የስቱዲዮዋ ባለቤት እንዳትሰማ በተሰባበረ አማርኛ ታወራኝ ጀመር።

«ዓይኔ ዝግ ነበር፣ ወላሂ። ሁሉም አየኝ፣ እኔ ብቻ አላየሁም። አሳይኝ።»

ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ራሷን ስታይ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ኩራት አልነበረም፣ ሀፍረትም አልነበረም። ሩቅ አገር የምትኖር ዘመድ ደብዳቤ እንደላከችላት ሰው ነበረች። ከዚያ ግን ዓይኗ ከራሷ ተነስቶ ወደ ሙሽራው ሄደ። ወደ ኋላ እንድመልሰው ጠየቀችኝ፣ መለስኩት። ሰውየው በጭፈራው ሁሉ የሚያየው ምንጣፉን ነበር። ስትወድቅ ያመለጠችው ለዚያ ነው። ሴቶቹ «ጎል» ሲሉ አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ሲያልቅ ተመልሶ ምንጣፉን ያያል።

ደጋግማ መጣች። ሁልጊዜ የምትመጣው ከተማው በሚተኛበት ሰዓት ነበር። ቶብ የሚሉትን መከናነቢያ ከራሷ ላይ ታወርዳለች፣ ፊልሙን ታያለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ፊልሙን አስቁሚው አለችኝና ነገረችኝ። የባሏ ስልክ ውስጥ እነዚያን ልቅ ፊልሞች አግኝታለች። ብዙ ናቸው። አልጮኸችም፣ ለማንም አልተናገረችም። ደግ ሰው ነው አለች፤ ሲያወራት ግን አሁንም ከትከሻዋ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው።

«እኔን ማየት የሚያፍር ሰው፣» አለች፣ «እነሱን ማየት እንዴት አላፈረም?»

 ስለ ዓርቡ ግቢ ነገርኳት፤ ስሟን ሳልጠራ ልጠይቅላት እችል እንደሆነ ስጠይቃት ትንሽ አመነታችና፣ «ጠይቂ። ስሜን ግን ተዪው፣» አለችኝ።

በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ሙሉ ሐሳብ በአማርኛ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ጭፈራውን፣ የተጨፈነውን ዓይን፣ ምንጣፉን፣ ስልኩን ተራ በተራ ተናገርኩ። ቃል ሲጠፋኝ በዓረብኛ ሞላሁት። ስጨርስ የኒሙ ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምስል መልሶ አያይም፣» አሉ። «ለዚያ ነው የማያሳፍረው።»

እትዬ ሙሽራዋም እኮ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እሷም መልሳ አላየችውም አለች። ጋሼ ይህን አልጠበቁም። መነጽራቸውን በልብሳቸው ጫፍ ወለወሉ። ከዚያ፣ ልትገልጠው ትችላለች አሉ። ሰውየውን ያስፈራው የተጨፈነው ዓይን አይደለም፣ በማንኛውም ሰዓት ሊገለጥ መቻሉ ነው። ሰውን ማየት ማለት ለመታየት መቀመጥ ነው። እነዚያ ፊልሞች ግን ማየትን ከመታየት ለይተው ይሸጡልናል።

እንግዲያው ጉዳት ነው በላ፣ አለች እትዬ። ጋሼ ጉዳት መሆኑን አልካዱም፤ ጉዳት ሁሉ ግን ወንጀል አይደለም አሉ።

«ፖሊስ ጥራ አላልኩህም፣» አለች። «ጥሩ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ሲሸሹት እንደኖሩ ተናገሩ። መከልከል የለበትም ማለት ሲለመድ፣ ጥሩ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ እንደሚረሳ። እትዬም አላሸነፈችም፤ እኔስ ጥሩ አይደለም ካልኩ በኋላ ምን ይደረግ እንደምል አላውቅም አለች። በሕግ ጉዳይ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

የሰማሁትን ለሙሽራዋ ነገርኳት። በዓረብኛ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ባሏን ይዛ መጣች። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከበረሃው የተነሳበት ቀን ነበር፤ ከሰዓቱ ብርሃን ቀልቶ ቡናማ ሆኗል፣ የመንገዱ ማዶ አይታይም። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ ድምፁ ግን ለስላሳ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊልሙን አየ። እሷ ስክሪኑን ሳይሆን እሱን ታይ ነበር። እኔ ልወጣ ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ዓይንሽ ዝግ ነበር፣» አላት በመጨረሻ በዓረብኛ። «ቀና ብዬ ባይሽ የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ አንቺ አታይኝም። የምሰርቅሽ መሰለኝ።»

«እነዚያንስ?»

 አቧራው መስኮቱን እንደ ዝናብ ይመታ ነበር። አንድ ቦታ ያሉ ሰዎች ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም አላት።

«አሉ እኮ፣» አለችው። «የሆነ ቦታ አሉ።»

እጄን ለቀቀችኝ፣ እኔም ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ስመለስ ፊልሙ ያለ ድምፅ ይሄድ ነበር፤ ሁለቱም ፊታቸው በስክሪኑ ብርሃን ቀልቶ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።  ማዕበሉ ጋብ ሲል ፊልሙን ተቀብለው፣ ሹክረን ብለው አመስግነው ሄዱ።

ከወራት በኋላ ሆዷ ገፍቶ ብቻዋን መጣች። ነገሩ ተአምር እንዳልሆነ በግልጽ ነገረችኝ። ባሏ ስልኩን አልጣለም። አንዳንድ ጊዜ ይመለስበታል፤ ሲመለስ ግን ይነግራታል፤ ይህ ከመደበቁ ይሻላል ወይስ ይብሳል እስካሁን አልቆረጠላትም። እያወራት ፊቷን ማየት ግን ለምዷል። አንድ ዓርብ ጠዋት መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ያለ ደሉካ፣ ዓይኗን ገልጣ ጨፍራለታለች። እሱም አይቷታል። ሆን ብላ ስትወድቅ ግን ዓይኗን ሲያይ ረስቶ አልያዛትም፤ ክርኗ አብጦ ሰነበተ። ይህን ስትነግረኝ እስኪያስለቅሳት ሳቀች፤ እኔም አብሬያት።

በጋሼ ግቢ ያ ርዕስ እየተነሳ እየወደቀ ብዙ ዓርብ ቆየ። ከሁሉ አንዱን አስታውሳለሁ። ሙቀቱ የበረታበት ከሰዓት ነበር፤ ሰዉ ቀርቶ ሦስት ብቻ ነበርን። ጋሼ ስለ ነፃነት እየተናገሩ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እትዬ መጽሐፉን ከደረታቸው ላይ አነሳችና ዝንቡን በእጇ እያባረረች ወደኔ ዞረች።

«አሁን ነቅቶ ቢሆን፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ይለኝ ነበር። የሚጸየፉትን ነገር ለማስቆም ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች፣ መጀመሪያ የሚይዙት ያንን የሚሸጠውን ነጋዴ አይደለም። በነጋዴው የተበደለችውን ልጅ ነው። አሳፋሪ ብለው እሷኑ ያስሯታል።»

ጋሼ ራሳቸው ከተናገሩት ሁሉ ይህ እሷ የተናገረችላቸው ይበልጥ የበረታ ነበር፤ እሳቸው ግን አልሰሙትም። ታዲያ ምን ትመልሺላቸዋለሽ አልኳት።

የተኙትን ሰው ፊት አየች። ከዚያ እንዳይነቁ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ መልሷን ጀመረች፦ «እውነትህን ነው እለዋለሁ፤ ያቺን ልጅ ግን ፖሊስ ከማሰሩ በፊት፣ እንደሌለች ቆጥሮ ያያት ዓይን አስሯታል።»