አባቴ ከመኪናዬ የወረዱበት ቀን

አባቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጭነት መኪና ሹፌርነት ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ግን «ዓይኔ ደክሟል» ብለው መሪ መጨበጥ ተዉ፤ ላሊበላ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍተው ተቀመጡ። እናቴ ልብስ ስትሰፋ በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር የሚያስገቡላት እሳቸው ነበሩና ነገሩ ይገርመኝ ነበር። ደፍሬ ግን አልጠየቅኋቸውም።

አድጌ ሆቴል ከተቀጠርኩ በኋላ ያገለገለች ትንሽ አውቶማቲክ መኪና ገዛሁ። ሥራ የምገባው፣ ከኤርፖርት እንግዳ የምቀበለው፣ ዘመድ የምጠይቀው በእሷ ነው። መንዳት እወዳለሁ፤ ፍጥነትም እወዳለሁ። መታጠፊያ ጋ ስደርስ ፍሬን፣ ሳልፈው ነዳጅ፣ ከዚያ እንደገና ፍሬን። ሁልጊዜ ስለምትታዘዘኝ ፍሬን ሊደክም እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ገነተ ማርያም ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ ከአባቴ ጋር ወጣን። ታማ መዳኗ ነበር። ከኋላ ጤፍና ሌላም ሌላም ጭነን መኪናዋ ከብዳለች። ረጅሙን ቁልቁለት ስንጀምር ሲያወሩ የነበሩት አባቴ ዝም አሉ። እኔ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሳ ወረድኩ። አጋማሹ ላይ የሚከረፋ የቃጠሎ ሽታ መጣ።

«ሰው ቆሻሻ እያቃጠለ ይሆናል፣ አባዬ» አልኳቸው።

«ከውጭ አይደለም። አቁሚ።»

ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ወትሮው አልጠነከረም፤ ልስልስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ደጋግሜ ስረግጠው መኪናዋ እየተንሸራተተች ሄዳ ዳር ላይ ሜዳ ቢጤ ስታገኝ ቆመች።

አባቴ ወርደው ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። አህያ እየነዳ የሚያልፍ ገበሬ ጀሪካኑን ይዞ ወደ እኛ ሮጠ።

«ውሃ ላፍስበት!»

«ተው ወንድሜ፣ የጋለ ብረት በውሃ ይሰነጠቃል። ነፋሱ ያብርደው» አሉት።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ አባቴ፣ «ለምን በማርሽ አልያዝሻትም?» አሉኝ።

«አውቶማቲክ ናት፤ ማርሿን ራሷ ናት የምትቀይረው።»

«እነዚህስ ታዲያ ለምን ተጻፉ?» ብለው ማርሹ አጠገብ፣ ሁልጊዜ ከምነዳበት «ዲ» ፊደል በታች ያሉትን ምልክቶች አሳዩኝ። አንዱ ኤል ነው። እኔ ነክቼው አላውቅም፤ እሳቸውም አውቶማቲክ ነድተው አያውቁም። መካኒኬ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ። «ኤል እኮ ለቁልቁለት ነው። ገና ሳትወርጂ አስገቢው፤ ሞተሩ ይይዝልሻል። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ንኪው» አለኝ።

ጎማዎቹ ከቀዘቀዙና ፔዳሉ መልሶ ከጠነከረ በኋላ «ይግቡ፣ እንሂድ» አልኳቸው።

«እኔ በእግሬ እወርዳለሁ።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ጋቢያቸውን አጣፍተው መንገድ ጀመሩ። ኤል ላይ አድርጌ ተከተልኳቸው፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ መኪናዋም ሳልረግጣት በዝግታ ትወርዳለች። ትንሽ እቀድማቸውና ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። አንዴ ሲደርሱብኝ የመስኮቱን ጠርዝ ያዙና፣ «ዓይኔ ምንም አልሆነም» አሉኝ።

የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«እህል ጭኜ ስወርድ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ረዳቴን ‹ዝለል!› አልኩት። አልዘልም ብሎ መሪውን ከእኔ ጋር ያዘ። እየተጋገዝን ከገደሉ አርቀን ተራራው ጥግ አስጠጋናት፤ ታክካ ታክካ ቆመች።»

«ተረፋችሁ?»

«ተረፍን። እሱ በሳምንቱ ሌላ መኪና ላይ ወጣ። እኔ ግን ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር እግሬ ይንቀጠቀጣል። ፈራሁ ብሎ ለልጅ መንገር ደግሞ ከበደኝ።»

«ዛሬስ ታዲያ ለምን አብረውኝ መጡ?»

«የምትነጂው አንቺ ነሽ ብዬ ነዋ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጠው ስፈጥን ምን ይሰማቸው እንደነበር አሰብኩ። ማልቀስ ቃጣኝ፤ ግን መንገዱን ማየት ነበረብኝ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ በሩን ከፍተው ገቡ። አክስቴ ዘንድ ደርሰን ምሳ በላን።

በማግሥቱ መካኒኩ የፍሬኑን ሸራና ዘይቱን ቀየረልኝ፤ ሸራው ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። አሁን ቁልቁለት ከመጀመሬ በፊት ፍጥነቴን ቀንሼ ማርሹን ዝቅ አደርጋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት የሆቴሉ ልጆች ቀድመውኝ ሲያልፉ ጡሩምባ ይነፉብኛል። ይንፉ።

ያን ዕለት ከአክስቴ ዘንድ ስንመለስ ቁልቁለቱ ዳገት ሆኖ ጠበቀን። አባቴ ወንበሩ ላይ ተዝናንተው ተቀምጠው፣ ከደሴ አሰብ ጨው ለማምጣት የሚነዱበትን ዘመን ያወሩልኝ ጀመር፤ የአፋርን ሙቀት፣ መኪናው ሥር አንጥፈው ይተኙበት የነበረውን ጥላ፣ መንገድ ላይ ወተት ያጠጧቸውን ሰዎች። ከዚያ በፊት ስለዚያ ዘመን አንድም ቀን አውርተውልኝ አያውቁም። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ በወሬያቸው ገና የአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሎጊያ ከተማ አልደረሱም ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ማዳመጤን ቀጠልኩ።