ወንፊት የሚሏት ታይፒስት

ሽማግሌው ተዋናይ ወረቀቱን ከዓይኑ ሲያርቅ፣ መልሶ ሲያቀርብ፣ ኋላም መነጽሩን ቤት እንደረሳ ሰው ኪሱን ሲዳብስ ታይፒስቷ ከጠረጴዛዋ ሆና አየችው። የእሱን ገጾች ብቻ በትልልቅ ፊደል ደግማ አተመችና፣ ሌሎቹ ተዋንያን እየሰሙ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ማሽን ዛሬ አብዷል። ፊደሉን እያሳበጠ ያወጣል። እንደ ምንም ይታገሱት» ብላ ሰጠችው።

ሽማግሌው «ማሽንም ያረጃል» አለና ማጥናቱን ቀጠለ።

ይህን በአጋጣሚ ያየው፣ አግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቅ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ጀማሪ ጸሐፊ ነበር። የሰው ገመና የምትሸፍን ታይፒስት ስላገኘ በልቡ አምላኩን አመሰገነ፤ ሥራውንም ከእሷ በቀር ለማንም ላያስተይብ ወሰነ።

ታይፒስቷ በዚያ የድራማ ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የምትተይበው ድምፅ አውጥታ ነው፤ የእናትን በእናት፣ የሌባን በሌባ ድምፅ። አፏ ላይ አልሄድ ያለ ንግግር ከእጇ አያልፍም። ወንፊት ያሏትም ለዚህ ነው። ደራስያኑ ይቀልዱባታል፣ ይፈሯታልም።

ጸሐፊው የመጀመሪያ ሥራውን ያመጣ ቀን አራተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«በየመስመሩ ስም ይጠራራሉ። እኔ ባሌን በሙሉ ስሙ የምጠራው ስናደድ ብቻ ነው። እሱም ያውቃል፤ ገና ሲሰማ ጫማውን ይፈልጋል።»

ጸሐፊው እየሳቀ ስሞቹን ሁሉ ሰረዘ። ትምህርት ቤት ያላገኘውን ያቺ ጠረጴዛ ዳር ተማረ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ታይፒስቷ የራሷን ጻፈች፤ ስለ አንዲት አዋላጅ፣ ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ድራማ። ፕሮዲውሰሩ አንብቦ ጠራት።

«ወንፊት፣ ወድጄዋለሁ። ግን ተመልካች የሚመጣው ስም አይቶ ነው። ደራሲ በሚለው ቦታ የመሪ ተዋናያችንን ስም እናስገባ። እስከ ሐሙስ አስቢበት።»

ታላቅ እህቷ «እሺ በያ። መሳቢያ ውስጥ ከሚሻግት ሰው ቢያየው አይሻልም?» አለቻት። ባሏ ደግሞ «ወልዶ በጎረቤት ስም ማስጠራት ነው» አለ። ሁለቱም ልክ መሰሏት፤ የጨነቃትም ይኸው ነበር። ፕሮዲውሰሩ የወደደው ድርሰቱን ሳይሆን የሚሸጥበትን ስም ቢሆንስ? ይህን ያህል ዘመን የሰው ስታጣራ፣ የእሷን ያጣራላት ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጸሐፊው ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወፍራም ፖስታ አስጨበጠችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው ስም እናውጣው ብለውኛል። እስከ ነገ ማታ ያንብቡልኝ። ደካማ ከሆነ በማንም ስም ይውጣ፤ አልከራከርም። ጥሩ ነው ካሉኝ ግን፣ አሥር ዓመትም ቢፈጅ በስሜ እስኪወጣ አስቀምጠዋለሁ። ደግሞ እንዳያዝኑልኝ። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»