እናቴ በኮሌራ ሰሞን ባቡር ተሳፈረች

ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እናቴ ግን እዚያ ቤት ሃያ ዓመት ስትኖር አንድም ቀን ባቡር ተሳፍራ አታውቅም። «መሪ የሌለው ነገር ላይ አልወጣም» ትል ነበር። ናዝሬት ያገባችውን እህቴን ለመጠየቅ የምትሄደው በአውቶቡስ ነው። አባቴ ደግሞ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እየሄደ ያለ ባቡር ላይ ዘሎ የሚሳፈር ሰው።

እህቴ ወንድ ልጅ በወለደች በወሩ ኮሌራ ገባ ተባለ። እኔ በምሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ ሌላ ወሬ ጠፋ። ለክርስትናው ሳምንት ሲቀረው አባቴ ራት ላይ መጉረሱን አቆመና «እኔ አልሄድም» አለ።

የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው። ማመን አቃተን።

«ምነው፣ ምን ነካህ?» አለችው እናቴ።

«ባቡሩን አውቀዋለሁ። ይሄን በሽታ ግን አላውቀውም። አይታይ፣ አይሰማ!»

«እኔ የማላውቀው ባቡሩን ነው። ተቅማጥማ አምስት ልጅ ሳሳድግ ለምጄዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ይዛኝ ክሊኒክ ሄደች። የኮሌራ መከላከያ መርፌ የወጋን ድሬሰር «እማማ፣ በሽታው የሚገባው በአፍ ነው። ውሃ አፍልተው ይጠጡ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ያልበሰለ ነገር አይብሉ» አላት።

«ይኸው ነው?» አለችው። ከዚያ የከበደ ነገር የጠበቀች ትመስል ነበር።

በዚያ ሰሞን አውቶቡሶቹ ወደ ናዝሬት መሄድ አቁመው ስለነበር ያለው ባቡር ብቻ ነው። በሁለት ፔርሙዝ የፈላ ውሃ ይዘን ተሳፈርን። ባቡሩ ሲነሳ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ክንዴን ያዘች፤ ዱከም እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። ሌላ ጊዜ መቆሚያ የማይገኝበት ፉርጎ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ነጋዴ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጥፍር አድርገው አስረዋል። ያነጋገራቸው ሰው ሲኖር ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሞጆ ስንደርስ እኚሁ ሰውዬ መስኮቱን ከፈቱ። ዝንብ የወረረው የተቆረጠ ፓፓያ ገዙና መሐረቡን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ሊጎርሱ ሲሉ፣ እናቴ ፍርሃቷ ሁሉ ጠፍቶ ብድግ አለች።

«ጌታዬ! አፍንጫዎን ቆልፈው አፍዎን ይከፍታሉ?»

ፉርጎው ውስጥ የነበርነው ጥቂት ሰዎች በሳቅ ፈነዳን። ሰውዬው ፓፓያውን አዩት፣ እናቴን አዩዋት፤ ከዚያ ፓፓያውን በመስኮት ወረወሩና እሳቸውም ሳቁ። ከፔርሙዛችን ቀድታ ሰጠቻቸው። ናዝሬት እስክንገባ ስለ ልጆቻቸው ሲያጫውቱን ቆዩ።

ልጁ ክርስትና ተነሳ። የመጣው ዘመድ ጥቂት ነበር፤ እናቴ ግን በር ላይ ቆማ ለገባው ሁሉ እጅ እያስታጠበች ቤቱን ሞቅ አደረገችው።

ስንመለስ አባቴ ጣቢያው ላይ ራቅ ብሎ ቆሞ «ደህና ናችሁ? ያመማችሁ ነገር የለም?» እያለ ጮኸ። እናቴ ቀጥ ብላ ሄዳ ጉንጩን ሳመችው። ደርቆ ቀረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁ ማንን ይመስላል?» አላት።

«ሄደህ እየው» አለችው።

በሳምንቱ ተወግቶ ሄደ። ሦስት ቀን ሰንብቶ ከመጣ በኋላማ የሚያስቆመው ጠፋ፤ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ «ምን ያስፈራችኋል? ውሃ አፍልታችሁ መሄድ ነው!» ሲል ከረመ። እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማዋለች፤ ትስቃለች እንጂ አንድም ቀን አላረመችውም።