መብራት በጆሮ ስንከፋፈል

ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መመላለስ በጀመረ ሰሞን፣ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ጣውላና ምስማር እሸጥ ነበር። ከሱቄ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ አንድ በያጅ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽበታም አናጢ። የግቢው ቆጣሪ አንድ ብቻ ስለነበር የመብራቱን ሂሳብ የምንከፋፈለው በጆሮ ነው። የማን ማሽን ብዙ ጮኸ? እሱ ብዙ ይከፍላል። ስለዚህ በያጁ ብረት የሚቆርጠው በሹክሹክታ ነበር ማለት ይቻላል። ጋሼ ብቻ ናቸው ጠዋት ጠዋት መላጊያ ማሽናቸውን አስነስተው ግቢውን የሚያንቀጠቅጡት። «ኩራተኛ ሽማግሌ» እል ነበር በሆዴ።

የጆሮ ሂሳብ ጠብ አያጣውም። አከራያችን እትዬ ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው ባለሙያ አምጥተው በየክፍሉ ትንሽ ነጭ ሣጥን አስገጠሙ። ሣጥኗ ሲም ካርድ አላት፤ ማሽኑ የበላውን መብራት ራሷ ቆጥራ፣ ሂሳቡን ራሷ አስልታ በስልክ ትልካለች። የመብራቱን ገንዘብ ሰብሳቢ እኔ ስለነበርኩ የሁሉም ወደ ስልኬ ይመጣል። ባለሙያው ሲያስረዳኝ፣ «ማሽኑ ሥራ ላይ ሲሆን ቁጥሩ ይዘላል፤ ባዶውን ሲዞር ዝቅ ብሎ ይተኛል» አለኝ።

እትዬ ይህችን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

«በያጁ፣ ክፍሉ ጠበበኝ እያለ ነው። ሥራ የሌለው ይለቅለታል። ወሩ ሲያልቅ ማን እንደሚሠራ ከስልክህ ታነብልኛለህ።»

የጋሼ ቁጥር ጠዋት ይነሳል፤ ከዚያ ተኝቶ ይውላል። ማሽኑ ይጮሃል፣ ጣውላ ግን አይነክስም። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ከደጃቸው ሰጋቱራ ከጠፋ ሰንብቷል። የሰዉ በር ሁሉ ብረትና አሉሚኒየም ሆኖ ሥራ ሲርቃቸው፣ ሰፈሩ እንዳያውቅባቸው ባዶ ማሽን ያስጮሁ ነበር። ለዚያ ጩኸት ደግሞ ከሁላችን በላይ ሲከፍሉ ኖረዋል።

ጋሼ ክፍል ገባሁ። ማሽኑ ይዞራል፤ እሳቸው የጸዳ ጠረጴዛ ይጠርጋሉ።

«ጋሼ፣ የሱቄ መደርደሪያ ተሰበረ።»

ማሽኑን አጠፉ። «የትኛው?»

«ትልቁ።»

«እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አይሰበርም።»

«እንግዲህ ላፍርሰው?»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቶሎ ሰበሰቡት። «ያቺ ሣጥን ነገረችህ፣ አይደል?»

ስልኬ ያለበትን ኪስ በእጄ ሸፈንኩ።

«ለማን አወራህ?»

«ለማንም።»

«እንዳታዝንልኝ።»

«ምነው ጋሼ! ነጋዴ መቼ ያዝናል?» አልኳቸው። ነገሩ የታየኝም እዚያው ቆሜ ነው። «ሰዉ ሸካራ ጣውላ ከኔ ይገዛና ለማስላግ ቃሊቲ ድረስ ያስጭናል። ተልጎ ከዚህ ቢወጣ እኔም አተርፋለሁ፣ እርስዎም።»

«እኔ አናጢ ነኝ፤ ወፍጮ ቤት አይደለሁም። የሰው ጣውላ ልጌ አላውቅም።»

«ወፍጮ ቤት እኮ ባዶውን አይዞርም፣ ጋሼ።»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ወለወሉ፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ ደግመው ወለወሉ።

«አምጣ እስቲ አንዱን» አሉ።

ወሩ ሲያልቅ እትዬ ደወሉ። እኔ ከጋሼ ደጅ ቆሜያለሁ፤ እግሬ ሰጋቱራ ውስጥ ነው።

«ጋሼ ይሠራሉ ወይ?»

ስልኩን ወደ ማሽኑ አዞርኩላቸው። «ይስሙት።»

«ድምፁንማ ድሮም እሰማለሁ። ቁጥሩን ንገረኝ።»

«ዘሏል፣ እትዬ። ከበያጁም በልጧል።»

«እንዲያ ከሆነ በያጁ እንደጠበበው ይኑር» ብለው ዘጉት።

ጋሼ ሽፋሽፍታቸው ድረስ ሰጋቱራ ለብሰው፣ ረጅም ጣውላ ማሽኑ ላይ እያስያዙ ጮኹብኝ።

«አንተ! ወሬህን ኋላ ታወራለህ፤ ና ጫፉን ያዝልኝ!»